የሁሴን ራስጌ

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደውን መንገድ ሄዳችሁ እዩት ብዬ ማንንም አልመክርም። እኔ ሄጄበታለሁ፤ ለሁላችንም ይበቃል። የሄድሁትም ወድጄ አይደለም። ረሃቡ ጋብ ባለበት፣ ንጉሡም ከዙፋን በወረዱበት ማግስት፣ መሥሪያ ቤቴ በየገጠሩ ለተሰማሩት ዘማች ተማሪዎች ንግግር የሚያደርግ ሰው ይፈልግ ነበር። አለቃዬ ጠራኝና «አንተ ብዙ ታነባለህ አይደል?» አለኝ። ይህ በእኛ መሥሪያ ቤት ሙገሳ ሳይሆን ክስ ነው። ቅጣቴም ወዲያው ተነገረኝ፤ «ምሥራቅ ማለት ምን ማለት ነው?» በሚል ርዕስ መናገር። በዚያ ሰሞን ሬዲዮው ከነጋ እስኪመሽ የምሥራቁ ጎራ፣ የምሥራቅ ወዳጆቻችን ይላል። ገበሬው ግራ እንዳይገባው ዘማቾቹ ያስረዱታል፤ ዘማቾቹ ግራ እንዳይገባቸው እኔ አስረዳቸዋለሁ። እኔን የሚያስረዳኝ ሰው አልተመደበም።

እንግዲህ ምሥራቅን ለማስረዳት ወደ ምዕራብ ጉዞ ጀመርሁ።

ሰኞ ጧት ከደሴ የወጣሁት የእርዳታ ስንዴ በጫነ አሮጌ ፊያት ነው። አዲስ አበባ አውቶቡስ ሲዘገይ ሰው ይቆጣል፤ እዚህ መኪናው ሲነሣ ሰው ይደነቃል። ጋቢናው ውስጥ ሾፌሩ፣ እኔና ከመጠለያ ወደ አገሯ የምትመለስ አንዲት ሴት ነበርን። ሴትዮዋ ጥቁር ለብሳለች፤ የዘር ገብስ የቋጠረችበትን ከረጢት ጭኗ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ተለጥፋለች። እኔም ጨዋ መሆኔን ላሳይ ብዬ ወደ ሾፌሩ ተጠጋሁ፤ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ጉልበቴን ይመታኛል።

«መምህር፣ ወደዚያ ጠጋ በሉ እንጂ፤ አትበላዎትም» አለ ሾፌሩ። «ቢርባትም ስንዴው ከኋላ ነው።»

«ብበላስ አንተን ነው የምበላ» አለች ሴትዮዋ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ። «ከሦስታችን ሥጋ ያለህ አንተ ነህ።»

ሾፌሩ መሪውን እየደበደበ ሳቀ። በረሃቡ ሲቀለድ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አዲስ አበባ ስለ ረሃብ የሚወራው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው፤ የተራቡት ሌሎች ስለሆኑ መሰለኝ።

ስሟ ወይዘሮ ደብሪቱ ነው፤ አገሯ መካነ ሰላም አጠገብ፣ ወሎ ቦረና ነው። ጉዳይዋን የነገረችን ዳገቱን ስንጀምር ነበር። ባለፈው ዓመት ልጇን ይዛ ቀድማ ወደ ደሴ ወጣች፤ ባሏ የቀረውን በሬ ሸጦ ሊከተላት። ሲለያዩ የልጅቷ ማተብ በስብሶ ተበጥሶ ነበርና አባትየው ከራሱ አንገት ፈትቶ አሰረላት። ልጅቷ ደሴ ደረሰች፤ አሁንም እዚያው ዘመድ ቤት ናት። እሱ አልደረሰም። ከአቀስታ ማዶ ባለች የደጋ መንደር ወድቆ ሞተ፤ የመንደሩ ሰዎችም ቀበሩት። ወሬውን ያመጣው መንገደኛ መጠለያው በር ላይ ቆሞ የተናገረው «ሁሴን የሚባል አንድ የቦረና እስላም እዚያ ሞቷል» ብሎ ነው።

«ባለቤትዎ እስላም ነበሩ?» አልኋት።

«ኧረ ምን ሲደረግ! እናቱ ልጅ አልቆይላት ብሎ ሼኹ ዘንድ ሄዳ ዱዓ አስደረገች። ሲወለድ ሁሴን አለችው፤ ስለቷ ነዋ። የክርስትና ስሙ ገብረ ማርያም ነው፤ ከቄሱ በቀር ግን የጠራው የለም።»

ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው፤ በወሎ ስም ሃይማኖትን አይናገርም። መሐመድ የዲያቆን አባት ሊሆን ይችላል፤ ማንም ቀና ብሎ አያይም። በሕይወት ላለ ሰው ይህ ሸጋ ነገር ነው። ለሞተ ሰው ግን ያስቸግራል። ሁለቱም ወገን መቃብር የሚቆፍረው በአንድ መስመር ነው፤ ከፀሐይ መውጫ ወደ ፀሐይ መግቢያ። ክርስቲያኑ ራስጌው በምዕራብ በኩል ሆኖ በጀርባው ይተኛል፤ በትንሣኤ ቀን ሲነሣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ይሆናል፤ ጌታ የሚመጣው ከዚያ ነውና። እስላሙ ራስጌው በምሥራቅ በኩል ሆኖ በቀኝ ጎኑ ይተኛል፤ ፊቱ በስተሰሜን ወዳለችው መካ ይዞራል። ከላይ ለሚያይ ሰው ሁለቱም የድንጋይ ክምር ናቸው።

«ስሙ ሁሴን፣ አንገቱ ባዶ» አለች ደብሪቱ። «ምን ብለው ያስተኙታል? ጌታ ሲመጣ ጀርባውን ሰጥቶት ይነሣ? ሄጄ እጠይቃለሁ። ተሳስተው ከሆነ አስቆፍሬ አስዞረዋለሁ።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «እርስዎ መነጽር አለዎት። ሽማግሎቹ ዘንድ አብረውኝ ይግቡ፤ ሴት ብቻዋን ብትመጣ ‹አልቅሺና ሂጂ› ነው የሚሉ።»

መነጽሬ ይጠቅማል ሲባል ስሰማ ይህም የመጀመሪያዬ ነው። እሺ አልሁ።

«እርስዎስ ወደ መካነ ሰላም ምን ሊያደርጉ ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ምሥራቅ ምን እንደሆነ ላስተምር።»

ደብሪቱ እንደ ታመመ ሰው አየችኝ። «ፀሐይ የምትወጣበት ነዋ።»

«በቃ!» አለ ሾፌሩ ፍሬን እየያዘ። «እንመለስ መምህር፤ ንግግሩ አልቋል!»

አቀስታ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። ከዚያ ወዲያ ዝናብ መንገዱን ስለ ቆረጠው ሾፌሩ ስንዴውን አራግፎ ተሰናበተን። ያደርነው አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ነው። አቀስታ ብርዱ ሰውን ለይቶ የሚያጠቃ ዓይነት ነው፤ የአገሩ ሰው በነጠላ ይቆማል፤ እኔ በካፖርቴ እንቀጠቀጣለሁ። ባለቤቲቱ አይታኝ ከባድ የሱፍ ባና አመጣችልኝ። ቁንጫዎቹም አብረው መጡ፤ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ቢሆን ኃላፊውን እጠራ ነበር። ጧት ስነሣ ግን ባለቤቲቱን ምድጃው ጥግ በአንዲት የበግ ቆዳ ተጠቅልላ አገኘኋት። ቤቱ ውስጥ ያለው ባና አንድ ብቻ ኖሯል። ስለ ቁንጫው ላነሣ ያሰብሁትን ተውሁት።

ማክሰኞ በቅሎ ስንፈልግ ዋልን። የበቅሎ ባለቤቶች ሁሉ ገበያ ሄደዋል፣ ወይም በቅሎዎቻቸው በረሃቡ ዓመት ተሸጠዋል። ሥራ ስላልነበረኝ ንግግሬን ለደብሪቱ ተለማመድሁባት። የንግግሬ ፍሬ ነገር ምሥራቅ የሚባል ቦታ የለም ነው። ፓሪስ የተቀመጠ ሰው ካይሮን ምሥራቅ ይላል፤ ለእኛ ካይሮ ሰሜን ናት። የፈረንጅ መጻሕፍት እኛንም ከምሥራቃውያን ቆጥረው ሰነፍ፣ ምሥጢራዊና ሽቶ ወዳድ ያደርጉናል፤ እኔ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነኝ። ኤደን በምሥራቅ ተተከለች ይላል መጽሐፉ፤ ከየት በኩል እንደሆነ ግን የሚነግረን የለም። ሰብአ ሰገልም ከምሥራቅ መጡ፤ ከየትኛው መንደር እንደሆነ አይነገርም። አሁን ደግሞ ምሥራቅ ማለት ሞስኮ ነው ተባልን፤ ካርታ ዘርግታችሁ ብታዩ ሞስኮ ከአዲስ አበባ ቀጥ ብላ በስተሰሜን ናት።

«መካስ?» አለች ደብሪቱ።

«እሷም በስተሰሜን።»

«ኢየሩሳሌምስ?»

«እሷም።»

«ታዲያ በምሥራቅ በኩል ማን አለ?»

«አፋርና ባሕር።»

«ለኛ ደሴ ነበር» አለች። «የኛ ሰው ሁሉ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው የሄደ። እህል ከዚያ እየመጣ ነው ተባለ። ጧት ጧት ፀሐይዋ ዓይናችን ውስጥ እየገባች፣ የወደቀውን ሳናይ እያለፍን። ይሄን አይጨምሩበትም?»

እጨምርበታለሁ አልኋት። የት ላይ እንደሚገባ ግን አላወቅሁም።

ረቡዕ አንዲት በቅሎ ተገኘች። ለእኔ ነው የተከራየኋት፤ ነገር ግን ዳገቱ አጋማሽ ላይ የሆድ መታጠቂያው ተበጥሶ ከነኮርቻው ወደ ጎን ተንሸራተትሁ። የበቅሎዋ ባለቤት «አብሽሩ፣ ጭቃው ለስላሳ ነው» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ከዚያ በኋላ በቅሎዋ የደብሪቱን ገብስና የእኔን ሻንጣ ተሸክማ እኛ በእግር ሄድን። የለጋምቦ ደጋ ሜዳው ሰፊ፣ ቤቱ ጥቂት፣ ንፋሱ ብዙ ነው። ቡቃያ የያዙ ማሳዎች አሉ፤ አጠገባቸው ዘር ያላገኙ ባዶ ማሳዎች አሉ፤ ጣራቸው የተነሣ ቤቶችም አሉ። አዲስ አበባ ባዶ ቤት ስናይ የሚከራይ ነው ወይ ብለን እንጠይቃለን። እዚህ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ከሰዓት በኋላ ሁሴን የተቀበረባት መንደር ደረስን። የመሩን ወደ አያ ሙሄ ቤት ነው፤ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ረጅም፣ ከሲታ ሽማግሌ ናቸው። ማን እንደሆንን ሳይጠይቁ አስገቡን፤ ሚስታቸው የገብስ ቂጣ በተልባ አቀረቡልን። ቤተሰቡ ዙሪያችንን ተቀምጦ አይበላም።

«እናንተስ?» አልሁ።

«እኛ ቅድም በልተናል፤ ጠግበናል» አሉ አያ ሙሄ።

ምድጃው ቀዝቃዛ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ሰው የሚዋሸው እንግዳውን ለመሸኘት ነው፤ አያ ሙሄ የሚዋሹት እንግዳው እንዲበላ ነው። በላን። ምን ይደረጋል።

ከምግቡ በኋላ ደብሪቱ የመጣችበትን ተናገረች። መነጽሬን አስተካክዬ አጠገቧ ተቀመጥሁ፤ የተፈለግሁበት ሥራ ይህ ነውና።

«ሁሴን? አለ፣ አለ» አሉ አያ ሙሄ። «አብሽሪ እታለም፤ በደንብ ነው የተቀበረ። በዚያ ሰሞን ዶማ የሚያነሣ ጉልበት የቀረን እኔና ተገኘ ነበርን። ተገኘን ጥሩልኝ!»

አያ ተገኘ መጡ፤ አጭር፣ ፈርጠም ያሉ፣ ማተባቸው ከሩቅ የሚታይ ሰው ናቸው። ደብሪቱ ሁለቱን በየተራ አየቻቸውና «ወደየት አስተኛችሁት?» አለች።

ሁለቱ ሽማግሎች እንስራ እንደ ሰበሩ ልጆች ተያዩ።

«እኔ እንግዲህ ስሙን ሰምቼ፣ ‹ሙሄ፣ የናንተ ነው፣ ውሰዱት› አልሁት» አሉ አያ ተገኘ።

«እኔ ደግሞ ሲያጣጥር ‹ማርያም› ሲል ሰምቻለሁ። ‹የናንተ ነው፣ እኔ የሰው አልወስድም› አልሁት» አሉ አያ ሙሄ።

«ወሎ ውስጥ ማርያምን ያልጠራ ማን አለ? ሚስትህ ምጥ ሲይዛት ማንን ነው የምትጠራ?»

«አንተስ በሬህ ገደል የገባ ለት ‹ወላሂ አልተረፈም› ብለህ አልማልህም?»

«ያ በሬ ነው!»

«ማተብ የለውም አላልሁህም?» አሉ ደግሞ አያ ተገኘ።

«ማተብ ማጣት ብቻውን እስላም ያደርጋል?»

እኛን ረስተውናል። ክርክሩ ዓመት የሞላው ነው፤ ያላለቀውም አንዳቸውም ማሸነፍ ስላልፈለጉ ነው። በሌላ አገር ሁለት ሃይማኖቶች ‹የኔ ነው› እያሉ ይጣላሉ። እነዚህ አንዱ የሌላውን ሙት የሰረቀ እንዳይመስል፣ ‹ያንተ ነው› እየተባባሉ አስከሬኑን መሐል አቁመውት ኖሯል።

«ኋላስ?» አለች ደብሪቱ።

«ኋላማ ተስማማን» አሉ አያ ሙሄ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ራስጌውን እንደኛ ወገን አደረግን። አተኛኘቱን እንደነሱ ወገን፣ በጀርባው።»

ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ራሱ በምሥራቅ በኩል፣ በጀርባው ተንጋሎ። ፊቱ ወደ መካም አይደለም፣ ወደ ምሥራቅም አይደለም። ብድግ ቢል የሚያየው ምዕራቡን ነው።

«እኛም ስናየው ክፉ አልመሰለንም» አሉ አያ ተገኘ። «ፊቱ ወደ ቦረና ሆነ። አገሩን ያያል አልን።»

ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ፤ እውነቱን ልናገር። ድካሙም ረድቶ ይሆናል። ሃይማኖት ሁለቱን መንገድ ሲዘጋ ሰውየው ወደ ቤቱ ዞሮ ተኛ፤ ለጋዜጣ የሚሆን ጥሩ አንቀጽ በልቤ መጻፍ ጀምሬ ነበር። ወደ ደብሪቱ ዞር ስል ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነው።

አላለቀሰችም። «ወደ ምዕራብ?» አለች። «በክርስትና ለት ሰይጣንን ክጄሃለሁ የምንለው ወደዚያ ዞረን አይደለም?»

አያ ተገኘ አንገታቸውን ደፉ።

«አገሩን እንዲያይ ብለን ነው እታለም» አሉ አያ ሙሄ።

«አገሩ ምን ሰጠው?» አለች። «ዓመት ሙሉ አየው። ይበቃዋል። አዙሩልኝ።»

የጀመርሁት አንቀጽ እዚያው ቀረ። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት።

ሐሙስ ማለዳ አያ ተገኘ ቄሱን አስፈቅደው መጡ። ቄሱ «አፅም ከአገር አገር ይፈልስ የለም? በቦታው መዞር ምን ይገደዋል» ብለዋል አሉ። መቃብሩ ከመንደሩ በላይ፣ መንገዱ ዳር ነው። ዙሪያውን ሌሎች የድንጋይ ክምሮች አሉ፤ ስንት እንደሆኑ አልጠየቅሁም። ሁለቱ ሽማግሎች ድንጋዩን አንሥተው መቆፈር ጀመሩ። እኔ አግዛለሁ ብዬ አንድ ድንጋይ አነሣሁና የበቅሎዋን ልጓም እንድይዝ ተላክሁ። በቅሎዋ ታስራ ነበር።

አፈሩ ሲሳሳ አያ ተገኘ ወደ ራስጌው ሊወርዱ ሲሉ አያ ሙሄ በእጃቸው አገዷቸው።

«ያን ጊዜ ራሱን የያዝሁ እኔ ነኝ» አሉ። «ዛሬም እኔ እይዘዋለሁ። አንተ እግሩን ያዝ።»

«የክርስቲያን ራስ...»

«ተው እንግዲህ ተገኘ። አንዴ ተጨቃጭቀንበታል።»

እኔ ፊቴን አዞርሁ። ወደየት እንዳዞርሁ ያወቅሁት ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ስትገባ ነው። ከኋላዬ የሚሰማው የሁለት ሽማግሎች ትንፋሽና የአያ ሙሄ «ቀስ፣ ቀስ፣ ወደኔ» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ደብሪቱ ከደሴ የያዘችውን ጥቁር ክር ለአያ ተገኘ ስትሰጥ ሰማኋት፤ «አንገቱ ላይ» አለች። ቆይቶ አፈሩ ሲመለስ ተሰማኝ። ስዞር ድንጋዩ እንደ ነበረው ተከምሯል። ከላይ ለሚያይ ምንም አልተለወጠም። አያ ሙሄ እጃቸው አፈር እንደሆነ ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ አያ ተገኘ አማተቡ፤ ደብሪቱ ለሁለቱም አሜን አለች። ያለቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ብዙ አለቀሰች፤ ማንም አላባበላትም።

ዓርብ ሙሉ ቀን ተጓዝን። ከመካነ ሰላም በፊት፣ ወደ መንደሯ የሚወስደው ቀጭን መንገድ የሚለይበት ቦታ ላይ ገብሷን ከበቅሎዋ አወረደችና ጀርባዋ ላይ አዘለች።

«እርስዎስ መምህር?» አለችኝ። «ሲሞቱ ወደየት ያደርጉዎታል?»

«እንደ ተመቻቸው። እኔ እንዲህ ባለው ነገር ብዙም የለሁበትም።»

«ይኑሩበትም አይኑሩበትም ለሰው ይንገሩ» አለች። «ሁሴን አልተናገረም። ጉልበት አጥቶ ይሆናል። እርስዎ ጉልበት ሳለዎት ይንገሩ።» ከዚያ ወደ ፀሐይ መግቢያው ሄደች። ቤቷ በዚያ በኩል ነበር።

ቅዳሜ መካነ ሰላም ንግግሬን አደረግሁ። አዳራሹ የትምህርት ቤት ክፍል ነበር፤ ዘማቾቹ ግማሾቹ ጉንፋን ይዟቸዋል፤ ሌሎቹ አንቀላፍተዋል፤ የከተማው ነጋዴዎች በግዴታ መጥተው በመስኮት ውጭውን ያያሉ። ሞስኮ በስተሰሜን ናት የምለው ቦታ ላይ ስደርስ አንድ ጺሙ ገና የበቀለ ተማሪ ተነሣ።

«መምህር፣ ተሳስተዋል» አለ። «ምሥራቅ አቅጣጫ አይደለም። አቋም ነው።»

ከተማሪ አፍ የወጣ ነገር ትክክል ነው ብዬ የተቀበልሁት በዚያ ቀን ነው፤ ለወይዘሮ ደብሪቱም ቢነግሯት ትስማማ ነበር። እሱ ግን ሌላ አቋም ማለቱ ነው። አጨበጨቡለት፤ ለእኔም ጥቂት አጨበጨቡ፤ ያለቀ መስሏቸው። በእርግጥም አልቆ ነበር።

የመመለሻውን መንገድ አልተርክም፤ ያው መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ፀሐይዋ ጧት ጧት ከፊት መሆኗ ነው። ሁሴን ያለባት መንደር ጋ ስደርስ አያ ሙሄ ማሳ ላይ ነበሩ፤ ከሩቅ እጃቸውን አነሡልኝ፤ እኔም አነሣሁ።

አዲስ አበባ በገባሁ ማታ ባለቤቴ ራት አቀረበች። ጥቂት ከበላሁ በኋላ፣ «ስሞት ወደ ምሥራቅ አድርጊኝ» አልኋት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አሞሃል?»

«አላመመኝም።»

«አንተ ምሥራቅ የሚባል ነገር የለም ብለህ ልትናገር አይደለም እንዴ የሄድኸው?»

«ተናግሬአለሁ።»

በትዳራችን ዘመን ሁሉ ከተናገርሁት ውስጥ ያልተከራከረችኝ በዚህ ብቻ ነው።

«እሺ» አለች። «ሰምቻለሁ።»

ራቴን ጨረስሁ።